የባባ ሰይፍ ማርቲኒ ሲዘቀዘቅ

እኔ እንግዲህ፣ የሚያውቀኝ ያውቀኛል፣ ጠንቋይ ሲባል የምስቅ፣ ሕልም አየሁ ሲሉኝ «ማታ ምን በልተሽ ነው?» የምል ሰው ነኝ፣ እዚህ ዐረብ አገር፣ ማቢላ የሚባለው ሰፈር ያሉት የአገሬ ልጆች ተሰብስበው ስለ ጂን ሲያወሩ ስልኬን አውጥቼ የምነካካው እኔ ነኝ። ይሄን የምነግራችሁም እመኑኝ ብዬ አይደለም፣ ብቻዬን ይዤው ስላቃተኝ ነው።

ኮሮና የገባ ጊዜ ነው። ባባ ሰይፍ የሚባሉ ሽማግሌ ቤት እሠራ ነበር፣ ልጃቸውና የልጃቸው ሚስት፣ መዳሜ ማለት ናት፣ አብረዋቸው ይኖራሉ። ባባ የጠመንጃ ሰው ናቸው። መጅሊሱ ውስጥ፣ እንግዳ የሚቀበሉበትን ሳሎን ማለቴ ነው፣ ከአያታቸው የወረሱት ማርቲኒ በማንገቻው ተሰቅሏል፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ ከቃታው ሥር ያለውን ማንሻ ወደ ታች ሲስቡት «ቃጭ» ብሎ የሚከፈት፣ እንግሊዝ ሠርቶት ስንት አገር ዞሮ እዚህ የደረሰ የድሮ መሣሪያ ነው። ሌላው ሰው ሰርግ ሲመጣ ብቻ ነው የሚያወጣው፣ ባባ ግን ሐሙስ ሐሙስ አውርደው ይወለውሉታል። አንድ ቀን ዘይትና ጨርቅ ሳቀብላቸው እጄ ነገሩን እንደለመደው አዩና «አንቺ ወታደር ነበርሽ እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ። «አባቴ ምንሽር አለው» አልኳቸው፣ ጎጃም ነው ያደግኩት፣ ምን ላድርግ! ከዚያ ወዲህ የማያልቅ ክርክር ያዝን፣ እሳቸው የኔ ይበልጣል ይላሉ፣ እኔ በተሰባበረ ዐረብኛዬ የአባቴ አምስት ይጎርሳል እላለሁ። እውነቴን ነው፣ በሰው አገር አባት ከተገኘ እሳቸው ነበሩ።

ታዲያ ባባን ኮሮና ያዛቸውና ሆስፒታል ገቡ። መጠየቅ ክልክል ነው፣ ልጃቸው ቀኑን ሙሉ በሩ ላይ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ይውላል። የኔ ጸሎት አንድ ብቻ ሆነ፣ «እመቤቴ፣ እኚህን ሰው በሕይወት መልሺልኝ።» መጅሊሱን በበረኪና አጥቤ ቆለፍኩት፣ ቁልፉ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የመስጊዱ አዛን እንዳለቀ፣ ልብስ እየተኮስኩ «ቃጭ» የሚል ሰማሁ። ኤሲው ነው አልኩ። ደገመው። ኤሲው እኮ ጠፍቷል! መጅሊሱን ከፍቼ ገባሁ፣ ማንም የለም፣ ግን የጠመንጃ ዘይት ይሸታል፣ አሁን የተቀባ ዓይነት። ቀና ብል ማርቲኒው ተዘቅዝቋል፣ አፈሙዙ ወደ መሬት፣ ሰደፉ ወደ ጣሪያ።

የከተማ ልጅ ከሆናችሁ ይሄ ላይገባችሁ ይችላል። እኛ ዘንድ ጠመንጃ የሚዘቀዘቀው ለሞት ነው፣ ለቀስተኛው አፈሙዙን ቁልቁል አንግቶ ነው የሚመጣው፣ ከሩቅ ያየ ሰው ማን ሞተ ሳይል እንባው ይቀድመዋል። እኔም «ወይኔ ባባዬን!» ብዬ ደረቴን ስመታ፣ መዳም ከፎቅ በባዶ እግሯ ወረደች።

«ኤሽ ፊክ? ምን ሆንሽ?»

«ባባ! ባባ ሞቱ!»

ፊቷ አመድ መሰለ። ባሏ ጋ ደወለች። ባባ ደህና ናቸው፣ እንዲያውም ኦክስጅኑን ነቅለውላቸው ሾርባ ጠይቀዋል አላት። ስልኩን ዘግታ ያወረደችብኝን ውርጅብኝ ተዉት፣ «በሕይወት ላለ ሰው ይለቀሳል? ኻላስ! ሁለተኛ እንዳልሰማ!» እውነቷን ነው። ጠመንጃውን ነክታው እንደሆን ስጠይቃት «እኔ? ያንን ነገር? እፈራዋለሁ» አለችኝ።

አቃናሁት። በማግስቱም ተዘቅዝቆ አገኘሁት፣ አቃናሁት፣ ከዚያም ወዲያ እንዲሁ። ለማንም አልተናገርኩም፣ ሟርተኛ ከመባል ብዬ፣ ግን አንድ ቀን ሳላቃናው ባድር ባባ የሚሞቱ እየመሰለኝ ልቤ አላርፍ አለ።

ባባ ግን ዳኑ! ከስተው፣ ልጃቸውን ተደግፈው ገቡ፣ እልል አልኩ፣ መዳም ራሷ ሳቀች። ተመስገን፣ አለፈ አልኩ። ትንሽ ሲያገግሙ መጅሊስ ልቀመጥ አሉኝና ከፈትኩላቸው፣ አሁንም ተዘቅዝቋል።

«ማነው እንዲህ የሰቀለው?» አሉ።

መደበቁ አቃተኝ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ የአገሬን የለቅሶ ወግ ጭምር። ይስቁብኛል ስል ማርቲኒውን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ እኛ እንዲህ ያለ ልማድ የለንም። እዚህ ቤት ይሄን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። የአባትሽን ድምፅ ከሰማሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ?»

ስልኬን አወጣሁ። ስደውል ሁሌ የሚያነሳው ወንድሜ ይበልጣል ነው፣ አባዬ እርሻ ነው፣ አባዬ ቤተ ክርስቲያን ሄዷል፣ አባዬ ተኝቷል። የኛን ሰው ታውቁታላችሁ፣ ውጭ ላለ ሰው መርዶ በስልክ አይነግርም፣ አጠገቡ ሆኖ የሚይዘው ሰው እስኪገኝ ይደብቃል፣ ያኔ ደግሞ ሁሉም ቤቱን ዘግቷል፣ አውሮፕላኑም ቆሟል፣ ማን ይምጣ? እኔም ለባባ ስጨነቅ ልብ አላልኩትም።

እዚያው ቆሜ ደወልኩ።

«አባዬስ?»

«ደህና ነው፣ አሁን ወጣ» አለ፣ ፈጠን ብሎ።

«ይበልጣል፣ የአባዬን ምንሽር ማን ዘቀዘቀው?»

 ድምፁ ተለውጦ፣ «ማን ነገረሽ?» አለኝ።

ባባ አጠገቤ ተቀምጠው አብረውኝ አለቀሱ። ማርቲኒው ከዚያ ቀን ወዲህ ተዘቅዝቆ አያውቅም። ወንድሜ ግን እዚሁ ማቢላ ያለችውን የአክስታችንን ልጅ ጠርጥሮ፣ መርዶውን በስልክ ነግራ እህቴን ብቻዋን አስለቀሰቻት ብሎ እስከ ዛሬ አኩርፏታል፣ እሷም በመስቀል ትምላለች፣ «እህቴ፣ እባክሽ እኔ አለመሆኔን ንገሪልኝ» ትለኛለች። እኔስ፣ እሷ አይደለችም ስለው «ታዲያ ማን ነው?» ሲለኝ፣ ማንን ልጥራለት?