አሥራ አራተኛዋ ማጣቀሻ

በየዓመቱ ጥር ሲያልቅ፣ ደብረ ታቦር መናኸሪያ አጠገብ ያለችው የማሩ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት በተማሪ ትጨናነቃለች። የቅዳሜና እሑድ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ሁለተኛ ምዕራፍ የሚያስረክቡበት ሰሞን ነው። ይህ ምዕራፍ ሌሎች ተመራማሪዎች በጉዳዩ ላይ ከዚህ በፊት ምን እንዳገኙ የሚያሳይ ነው፤ ተማሪዎቹ በአጭሩ «ሊትሬቸር» ይሉታል። ለመጻፍ ብዙ ማንበብ ይጠይቃል። ማሩ ዘንድ ግን ማንበብ አያስፈልግም። ካለፉት ዓመታት ተመራቂዎች የተረፈውን ሁሉ ኮምፒውተሩ ውስጥ አከማችቷል። የእርሻ አለ፣ የሒሳብ አያያዝ አለ፣ የሥነ ምግብም አለ። ፍላሽ ይዞ የመጣ ሰው የትምህርት ክፍሉን ይነግረዋል፤ ማሩም ሻዩን ፉት እያለ ይገለብጥለታል።

ስለዚህ ልማድ ያልተባለ ነገር የለም፤ ማለቱም ሰልችቷል። ቢሆንም አንድ ጊዜ ደግሞ ማለት ሳያስፈልግ አይቀርም፤ ምክንያቱም ባለፈው ዓመት የአንዲት ሕፃን ክንድ በዚሁ ሰበብ ቀጥኗል።

ሠናይት የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት ናት። ስድስት ዓመት ኩዌት ተቀምጣ የሰው ልጅ አሳድጋለች። እዚያ ቤት የሕፃኑ ምግብ ሐኪም በጻፈው ወረቀት መሠረት እየተመዘነ ነበር የሚቀርበው። እሷም ማንኪያውን በያዘች ቁጥር ጉና ተራራ ሥር ያሉትን የአገሯን ልጆች ታስብ ነበር። ስትመለስ ከተማው ዳር ባለ አንድ የግል ኮሌጅ ሥነ ምግብ መማር የጀመረችው ለዚህ ነው። ሐሳቡ መልካም ነበር። ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ ዳቦ ቤት ሊጥ ታቦካለች፤ ቅዳሜና እሑድ ክፍል ውስጥ ዐይኗ እየተከደነ ትቀመጣለች። የያዘችው ርዕስ ጾምና የሕፃናት አመጋገብ ነበር። አንድ ዓርብ ከሥራ ስትወጣ፣ ጸጉሯ ላይ ዱቄት እንዳለ ወደ ማሩ ቤት ገባች።

«አለ፤» አላት ማሩ ገና ርዕሱን ተናግራ ሳትጨርስ። «ሦስት ሰው ተመርቆበታል።»

ወሰደችው። ቃላቱን እዚህም እዚያም ለዋወጠች፣ ስሟን ጻፈችበት፣ አስረከበች። ሰነፍ ናት እንዳይባል፣ ያቺ ሴት በቀን አሥር ሰዓት ቆማ ትሠራ ነበር። ደክሟት ነው። ደክሞኛል ማለት ግን አንብቤያለሁ ማለት አይደለም፤ የሠናይትም ጥፋት ሁለቱን ማምታታቷ ነው።

ከተገለበጠው ሁሉ አንዲት ዓረፍተ ነገር ልቧ ውስጥ ቀርታ ነበር። አጭርና የምታረጋጋ ስለሆነች ሳይሆን አይቀርም። «ጾም ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት አመጋገብ ላይ ያመጣው ለውጥ አልታየም» ትላለች። ከጎኗ አሥራ አራት ቁጥር አለ፤ ከጽሑፉ መጨረሻ በተደረደሩት ማጣቀሻዎች ውስጥ አሥራ አራተኛው ላይ የተመራማሪው ስምና የጥናቱ ርዕስ ተጽፏል።

የዐቢይ ጾም ቅበላ ዕለት ሠናይት ወደ ወንድሟ ወደ ደምሴ ቤት ሄደች። ሚኒባሱ እስከ መገንጠያው ያደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ሁለት ሰዓት በእግር ነው፣ ያውም ዳገት። ስትደርስ የደምሴ ሚስት እመቤት ለጾሙ ዕቃዋን በአመድ እያሸች ታጥባለች። የአሥር ወሯ ትዝታ አጠገቧ ቁጭ ብላ በማማሰያው መሬቱን ትደበድባለች፤ ጉንጯ የሞላ ልጅ ነበረች።

ጥቂት ከተጨዋወቱ በኋላ እመቤት እጇን ከአመዱ አወጣችና፣ «እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤» አለች። «ከነገ ጀምሮ ወተቱንና እንቁላሉን ላቋርጥባት ነው። ትጹም ብዬ አይደለም። ሕፃን እንደማይጾም ቄሱም ነግረውናል። ግን ያለኝ ድስት አንድ ነው፣ ማማሰያውም ይኸው አንድ ነው። የፍስክ ከነካው እኛ በምን ሠርተን እንበላለን? እስከ ፋሲካ ድንችና ሽሮ ብትበላ ትጎዳብኝ ይሆን?»

ሠናይት ጉልበቷን እያሸች ነበር። ዳገቱ አድክሟታል፤ ደግሞም በዚያ ቤት የተማረች ተብላ የምትጠየቅ እሷ ብቻ ናት፤ አላውቅም ማለት ከበዳት። አሥራ አራተኛዋ ትዝ አለቻት።

«ምንም አይደለም፤» አለች። «ጥናት አለ።»

እመቤት እፎይ አለች። ስምንተኛ ክፍል ድረስ የተማረች ሴት ናት፤ ጥናት ሲባል አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አንብቦ አጣርቶ እንደሆነ ታውቃለች። ድስቱን አጥባ ለጾም አዘጋጀችው።

አራት ሳምንት አለፈ። ቅዳሜ ከቀትር በፊት አማካሪዋ መምህር ዋልልኝ ቢሮው አስጠራት። ጠረጴዛው ላይ አሥራ ዘጠኝ የመመረቂያ ጽሑፍ ተከምሯል። የሰውየው ፊት ከወረቀቱ ክምር የባሰ የዛለ ነበር።

«አሥራ አራተኛዋን ማጣቀሻ አምጪልኝ፤» አላት።

«የትኛዋን መምህር?»

«ጾም ለውጥ አላመጣም የምትለዋን። ይህችን ዓረፍተ ነገር ዓምናም አንብቤያታለሁ፣ ካቻምናም አንብቤያታለሁ፤ የፊደል ግድፈቷ እንኳ አልተለወጠም። ጥናቱን ራሱን ግን አንድም ሰው አምጥቶ አላሳየኝም። አንቺስ አንብበሽዋል?»

ሠናይት ወለሉን አየች። ከዚያ አላነበብኩትም አለች።

መምህሩ አልተቆጣም። ለቁጣም ጉልበት ያስፈልጋል። «ለእነዚያ ፈርሜላቸዋለሁ፤» አለ ዝግ ብሎ። «ደክሞኝ ነበር። በመድከሜ ራሴን አልወቅስም፤ በፊርማዬ ግን እወቅሳለሁ። ጥናቱን ፈልገሽ አንብበሽ አምጪው። ከሌለ ምዕራፉን እንደ አዲስ ትጽፊዋለሽ።»

ከቢሮው እንደወጣች ስልኳ ጮኸ። ደምሴ ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስትዞር የትዝታን ክንድ በጥብጣብ ለክታ ነበር፤ ጥብጣቡ ቢጫው ላይ ቆሟል። ቢጫ ማለት ልጅቷ እየከሳች ነው፣ ቶሎ ካልታሰበላት ወደ ቀዩ ትወርዳለች ማለት ነው። ሠራተኛዋ ወተትና እንቁላል እንዲሰጧት ነግራቸዋለች። እመቤት ግን እሺ አላለችም፤ እትዬ ሠናይት ጥናት አለ ብላኛለች ትላለች።

ሠናይት ወተቱን ዛሬውኑ ጀምሩላት አለች። 

«በምን ድስት?» አለ ደምሴ። «ደግሞም ችግር የለውም ያልሽው አንቺው ነሽ። አሁን የቱን ቃልሽን እንያዝ?»

 ነገ እመጣለሁ ብላ ስልኩን ዘጋች። ደረጃው ላይ ጥቂት ተቀመጠች። ከጀርባዋ የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ እዚያ የገባችው ስልኳን ቻርጅ ለማድረግ ብቻ ነበር። ተነሥታ ገባች።

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ወይዘሮ አሰለፈች ጡረታቸው የተቃረበ ሴት ናቸው። ካሉት አራት ኮምፒውተሮች ሁለቱ ይሠራሉ፤ የሚጠቀምባቸው ግን እምብዛም የለም። ሠናይት የሆነውን ሁሉ፣ የሕፃኗንም ነገር ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ሴትዮዋ መነጽራቸውን አደረጉና ወንበር ሳቡላት።

መጀመሪያ ሠናይት የአሥራ አራተኛዋን ርዕስ እንዳለ ጎግል ስኮላር ላይ ጻፈችው። ይህ ከተራው ፍለጋ የተለየ፣ የምርምር ጽሑፎችን ብቻ የሚፈልግ ገጽ ነው። ምንም አልወጣም።

«ርዕሱ ከሰው ወደ ሰው ሲገለበጥ ተበላሽቷል፤ ተይው ልጄ፤» አሏት ወይዘሮ አሰለፈች። «ጉዳዩን ፈልጊ። ስለ ማን ነው? ስለ ምን ነው? የት ነው?»

ወረቀት ላይ አስጻፏት። ስለ ማን፦ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት። ስለ ምን፦ ጾም፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ከጡት ሌላ የሚሰጥ ምግብ። የት፦ ኢትዮጵያ፣ አማራ ክልል። ከዚያ ተመራማሪዎቹ በእንግሊዝኛ የሚጠቀሙባቸውን ቃላት ከመማሪያ መጽሐፏ አንድ በአንድ ለቃቀሙ፤ ሕፃን ለሚለው እንኳ ሦስት ዓይነት ስያሜ ነበር። አብረው መምጣት ያለባቸውን ቃላት በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አስገቡ። ሺሕ ነገር ወጣ፤ ዓመቱን ወሰኑ፣ ቀነሰ። የሕክምና ጽሑፎች የሚገኙበትን ፐብሜድንም እንደዚሁ ፈተሹ፤ እዚያ ሙሉ ጽሑፋቸው በነጻ የሚነበብ ብዙ ጥናቶች አገኙ። የእያንዳንዱን አጠቃሎ፣ ማለትም ራሱ ላይ ያለችውን አጭር አንቀጽ እያነበቡ የማይመለከታቸውን ጣሉ።

በአንዱ አዲስ ጥናት መጨረሻ ያሉትን ማጣቀሻዎች ቁልቁል ሲያዩ ሠናይት ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች። የአሥራ አራተኛዋ ባለቤት ስም ነበር፣ በአንድ ፊደል የተለየ። ዓመቱ በስድስት ይለያል፤ ርዕሱም ግማሹ ሌላ ነው። ተጫነችው፤ ገጹ ገንዘብ ጠየቀ።

«አትክፈይ፤» አሉ ወይዘሮ አሰለፈች። ቤተ መጻሕፍቱ የተመዘገበበትን የሂናሪ መግቢያ ከፈቱላት፤ እንደኛ ላሉ አገሮች ተቋማት የጤና ጆርናሎችን የሚያስነብብ ነው። «እሱም ባይሆን ለጸሐፊው ኢሜይል መጻፍ ነው። ሥራዬ ተነበበ ብሎ ደስ የሚለው ብዙ ነው።»

ጽሑፉ ተከፈተ። ሠናይት መዝገበ ቃላት ይዛ፣ ቀስ እያለች፣ አንዳንዱን መስመር ሦስቴ እየተመላለሰች አነበበች። ያቺ ዓረፍተ ነገር የውጤቱ ክፍል ውስጥ ተገኘች። ሙሉዋ እንዲህ ትላለች፦ «ለሕፃኑ የብቻው ማብሰያና መመገቢያ ዕቃ በተለየባቸው ቤቶች፣ ጾም በሕፃኑ አመጋገብ ላይ ያመጣው ለውጥ አልታየም።» ከሥሯ ደግሞ ዕቃው የጋራ በሆነባቸው ቤቶች አብዛኞቹ እናቶች ወተትና እንቁላል እስከ ጾሙ ፍቺ እንደሚያቋርጡ ተጽፏል።

መጀመሪያ የገለበጠው ተማሪ ግማሿን ቆርጦ ጥሏታል። ምናልባት ዓረፍተ ነገሯ ረዝማበት ይሆናል፤ ምናልባት እሱም ደክሞት ነበር። ከእሱ በኋላ የመጡትም ግማሿን ብቻ እየተቀባበሉ ተመረቁባት።

ሠናይት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አፈረች፤ ከማፈሯ ይልቅ ግን ፈራች፤ የትዝታ ክንድ ነበር ዐይኗ ላይ የሚመጣው። ወይዘሮ አሰለፈች ትከሻዋን ነካ አድርገው በአንድ ጥናት ብቻ እንዳትሄድ፣ ሌላ ሰው ሌላ ቦታ ያገኘውንም እንድታስተያይ፣ ስንት እናቶች እንደተጠየቁና የት አገር እንደሆነ እንድታይ ነገሯት። በደጋ አገር የተሠሩ ሌሎች ሁለት ጥናቶች አገኙ። የሚሉት ተመሳሳይ ነበር። ሦስቱንም አትማ ወጣች፤ ገበያው ሳይበተን ደርሳ አንዲት ትንሽ ብረት ድስት፣ ማማሰያና ማንኪያ ገዛች።

በማግስቱ ያንኑ ዳገት ወጣችው። እመቤት ትዝታን ታቅፋ ደጃፍ ተቀምጣለች። የልጅቷ ጉንጭ ጎድጉዷል፤ ማማሰያ ቢሰጧትም የምትደበድብበት አቅም ያላት አትመስልም። ሠናይት ድስቷን መሬት አስቀመጠች።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤» አለች። «ጥናት አለ ያልኩሽ ሳላነበው ነው። ከሰው የተገለበጠ ወረቀት ላይ ነው ያየሁት፤ እሱም ጎዶሎ ነበር። ድስት ለብቻ ካላት ነው ምንም የማትሆነው። ይህች የሷ ትሁን። የናንተን ዕቃ አትነካም።»

እመቤት ትዝታን ወደ ሌላው ክንዷ አዛወረች። ብትሰድባት ለሠናይት ይቀላት ነበር።

«አንብበሽ መስሎኝ ነበር እኮ፤» አለች። ድስቷን አንሥታ አገላብጣ አየቻት። «ይኼኛውንስ አንብበሽዋል?»

«አንብቤዋለሁ። ይዤውም መጥቻለሁ።»

ሠናይት ወረቀቶቹን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ከደጃፉ ተቀምጣ መስመር በመስመር በአማርኛ እየመለሰች አነበበችላት። እመቤት አንድ ቦታ ላይ አቋረጠቻትና፣ የተጠየቁት እናቶች ስንት ናቸው፣ እንደኛ ገጠር ያሉ ናቸው ወይ አለች። ሠናይት ወደ ኋላ ገልጣ አየችና መለሰችላት። ከዚያ እመቤት ተነሥታ ድስቷን አጠበች፤ እንቁላል ጣደች።

ጥብጣቡ ወደ አረንጓዴው የተመለሰው ሰኔ ላይ ነው፤ ክንድ በቀላሉ ይቀጥናል፣ ለመመለስ ግን ጊዜ ይወስዳል። ሠናይትም ምዕራፏን እንደ አዲስ ጽፋ ከጓደኞቿ ዘግይታ ተመረቀች። ሥነ ምግብ የምትማሩ ልጆች ይህን ልብ በሉ፦ እናንተ ዘንድ አንዲት ቁጥር የሆነችው ማጣቀሻ ሌላ ቤት ገብታ ምግብ ታስቀራለች ወይም ታስቀርባለች። በአንድ ከሰዓት ተፈልጎ የሚገኘውን ነገር ደክሞኛል ብሎ መተው ለሌላው ድካም ማውረስ ነው።

ማሩ አሁንም ሻዩን ፉት እያለ ይገለብጣል፤ አሁን እንኳ አራት ሰው ተመርቆበታል ይላል፣ ሠናይትንም ቆጥሮ። እሷ ከዳቦ ቤት ስትመለስ በዚያ በኩል ታልፋለች። ፍላሽ ይዞ የቆመ ተማሪ ካየች እንደደከማት ጠጋ ትልና፣ እመቤት የጠየቀቻትን ያችኑ ጥያቄ ትጠይቀዋለች።

«አንብበኸዋል?»