ቁራው የለመደው ቀይ ጨርቅ

ኑሀሚን ጣቷን የወፉ ጎጆ ውስጥ አስገባችና ወዲያው መለሰችው። ጉንዳን የወረረው፣ የከረፋ አስኳል! እጇን በሱሪዋ ደጋግማ ጠረገች፤ ሽታው ግን አለቀቃትም።

«ይሄም ተበላ» አለችው፣ ግራሩ ሥር ቆሞ ለሚጠብቃት መንገድ መሪዋ ለረዲ። «አስጠላኝ! በቃ፣ አስጠላኝ።»

ቢሮዋ ከሰመራ ወደ አዋሽ የላካት የትንንሽ ወፎችን ጎጆ እንድትቆጥር ነበር፤ የት የተሠራው እንደሚተርፍ፣ የት የተሠራው እንደሚበላ ለማወቅ። ከግንዱ አጠገብ ያለውን እባብ ይጨርሰዋል። ቀጭን ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ፣ እሾህ መሀል የተሸሸገው ይተርፋል። ይተርፍ ነበር ማለት ይሻላል፤ ሰሞኑን ቁራ እሱንም አልማረውም። ጎጆዎቹ እንዳይጠፏት ከየጎጆው በታች ቀይ ጨርቅ ታስር ነበር፤ አሁን ደግሞ ግማሾቹ ጨርቆች የሉም።

«ጨርቆቹን ማን ፈታቸው?»

ረዲ አቀረቀረ። «እኔ ነኝ። ቁራው ቀዩን ለምዶታል። አንቺ አስረሽ ዞር ስትይ ከች ይላል። የፈታሁላቸው ጫጩቶች፣ ወላሂ፣ ደህና ናቸው።»

ሁለት ሳምንት ሙሉ በገዛ እጇ ለቁራ ገበታ ስትዘረጋ ከርማለች። ራሷን ተጸየፈች።

ከዚያ ሌላ ነገር ትዝ አላት። እዚህ እሾህ መሀል እጇን ይዞ «እወድሻለሁ» የሚላት ረዲ፣ ትናንት ሁለቱ ከእናቱ ከወይዘሮ ሙስሊማ ሻይ ቤት በር ሲደርሱ እጇን ለቆ «የቢሮ ሰው ናት» ብሎ ነበር ያስተዋወቃት።

«እኔንም የደበቅኸኝ ለዚህ ነው?»

«የኔ ዘመዶች አሉ፤ ያንቺም አባት ቄስ ናቸው። ከታየን አይተዉንም።»

«እኔ እንቁላል አይደለሁም፣ ረዲ!»

ሻንጣዋን ልታመጣ ሄደች። መደበቁ ከከረፋው አስኳል ይልቅ አንገሸገሻት።

ቀትር ላይ ኑሀሚን የተሳፈረችበት የሰመራው ሚኒባስ ከሻይ ቤቱ ፊት ለፊት ሊነሣ ሲል፣ ረዲ በጅቡቲ መስመር ሾፌሮች መሀል እየተጋፋ ደረሰ። ከፈታቸው ጨርቆች አንዱን እጁ ላይ አስሮታል። እናቱን አስከትሏል።

«እማዬ፣ ትናንት ዋሽቼሻለሁ» አለ፣ ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማ። «የቢሮ ሰው ብቻ አይደለችም። የማገባት ናት። ማለቴ... እሺ ካለችኝ።»

ወይዘሮ ሙስሊማ ኑሀሚንን ከጫማዋ እስከ ጸጉሯ አዩዋት። በመጨረሻ ወደ ሾፌሩ ዞሩ።

«ሻንጣዋን አውርድላት። ቁጣዬን ከምሳ በኋላ አወጣዋለሁ፤ ጦሟን ግን አትሄድም።»

ኑሀሚን ወርዳ ቀዩ ጨርቅ የታሰረበትን የረዲን እጅ ያዘች። የራሷ እጅ አሁንም የከረፋ አስኳል ይሸታል። አልለቀቀችውም።