የኋላው ቀለበት

«አንድ ዓይናን ማን ነካው?»

መርፌ ይህን የጠየቀችው ራሷን ነው። 

ከመስኮቷ በታች ያለው አዳራሽ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ውጭ ፀሐይ አናት ይበሳል። ቦታው ግን ሲኒማ ቤት ነበር፤ ከተዘጋ ዓመታት አልፈዋል፤ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ሁሉ በጣውላ ተመቷል። እሷ ያለችው ፎቅ ላይ፣ ድሮ የፊልም ማሽን ከነበረበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ማሽኑ ተነቅሎ በቦታው ሁለት የስፌት መኪናዎች ገብተዋል። ፊልሙ ይተላለፍበት የነበረው ትንሽ መስኮት እንዳለ ነው። ክፍሉን የተከራዩትም ለመስኮቱ ብለው ነው።

አንድ ዓይና ማለት በእጅ የሚያዝ የጨለማ መነጽር ነው። በአንድ ዓይን ብቻ ስለሚታይበት ስሙን ያወጣችለት እሷ ናት። ጨለማውን አረንጓዴ ያደርገዋል፤ በአረንጓዴው ውስጥ ሰውም፣ ወንበርም፣ በርም ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ዛሬ ግን አይታይም።

የፊቱን ቀለበት አዞረች። የፊቱ ለርቀት ነው፤ የሚታየው ነገር ሲርቅ ወይም ሲቀርብ የሚነካው እሱ ነው። የወንበሮቹ ጠርዝ እንደ ቀለጠ ሰም ሆኖ ቀረ። መልሳ አዞረችው። ጉም። ሌንሱን በለስላሳ ጨርቅ ጠረገችው። ያው ጉም። ባትሪው ደህና ነው።

ያኔ ጣቷ የኋላውን ቀለበት ነካ።

የኋላው ቀለበት የዓይን ነው። የሰው ዓይን ስለሚለያይ ባለቤቱ አንዴ ለራሱ ያስተካክለዋል፤ ከዚያ በኋላ አይነካም። የመርፌ ቀለበት ቦታው መሐል ላይ ነው። ሳታየው በጣቷ ታውቀዋለች። አሁን ግን ወደ ግራ ጥግ ሄዷል።

እዚህ የሌላ ሰው ዓይን ነበር።

«መርፌ፣ ታያለሽ?»

የክር ድምፅ ነው፤ ጆሮዋ ውስጥ ካለችው ማዳመጫ የመጣ። ክር ባሏ ነው። የሥራ ባሏ። ለጎረቤት፣ ለአከራይ፣ ለፖሊስ ባልና ሚስት ልብስ ሰፊዎች ናቸው። ጣቷ ላይ ያጠለቀላት ቀለበት ከስውር መሥሪያ ቤታቸው የመጣ ነው። መኝታቸውም ለየብቻ ነው። ይህን ሁሉ አሳምራ ታውቃለች። ልቧ ግን መመሪያ አላነበበም።

«ገና ነኝ» አለች።

«ምን ሆንሽ? ሰውዬው እኮ ሊገባ ነው።»

«እያስተካከልኩ ነው። አታጣድፈኝ።»

ሰውዬው መድኃኒት ቀማሚ ነው። የሚሠራበት ፋብሪካ ለሕፃናት የሚያወጣው ሽሮፕ መርዝ እንዳለበት ደርሶበታል፤ ድንበር ማዶ ባለ ፍርድ ቤት ሊመሰክር ፈቅዷል። የፋብሪካው ባለቤቶች ቀድመው ካገኙት ግን አይምሩትም። ከአዳራሹ የኋላ በር ውጭ የጭነት መኪና ይጠብቃል። ክር ዋናው በር አጠገብ፣ የትኬት መሸጫዋ ውስጥ ቆሟል። ቀማሚውን ከወንበሩ አንስታ መኪናው ዘንድ የምታደርሰው ርግብ ናት።

ርግብ።

ርግብ ከሌላ ከተማ የተላከች ወጣት ናት። ወፍራም መነጽር ታደርጋለች፤ ከመነጽሩ ጀርባ ዓይኖቿ ትልልቅ ናቸው፤ ሰው የሚጠሩ ዓይኖች። ባለፈው ሳምንት የኮቷ ቁልፍ ተበጥሶ መጣች። ክር ኮቱን እንኳ ሳያስወልቃት፣ ላይዋ ላይ እንዳለ ሰፋላት። ሲጨርስ ጎንበስ ብሎ ክሩን በጥርሱ በጠሰው።

«መቀስ አጥተህ ነው?» አለችው መርፌ።

«እትዬ፣ የሱ ጥርስ እኮ ከመቀስ ይበልጣል!» ብላ ርግብ ሳቀች።

«እትዬ አትበይኝ።»

«እሺ እትዬ።»

ክርም ሳቀ። ያ ሳቅ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሳት።

«ክር» አለች አሁን። «አንድ ዓይናን የነካ ሰው አለ?»

«እኔ አልነካሁም» አለ። «ትናንት አንቺ ገበያ ሄደሽ ሳለ ርግብ መጥታ ነበር።»

«ምን ልትሠራ?»

«እንዲሁ። ትንሽ ቁጭ ብላ ሄደች።»

«አልነገርከኝም።»

«ትቆጫለሽ ብዬ ነዋ! ይኸው።»

እንዲሁ። ቁጭ ብላ። የት ቁጭ ብላ? የሷ ወንበር ላይ? አልጋው ጫፍ ላይ?

አሰልጣኙ ያስተማራቸው ትዝ አላት። ቀለበቱ ወደ ግራ የሚዞረው ሩቅ ማየት ለማይችል ዓይን ነው፤ ወደ ቀኝ የሚዞረው ቅርብ ማየት ለሚቸገር። ወደ ግራ ዞሯል። ከነሱ መሐል መነጽር የማይለያት ማን ናት?

«ስሚኝ» አለ ክር። ድምፁን አለሰለሰ። «ከጠረጠርሻት አስወጫት። ቀማሚውን እኔ ገብቼ አወጣዋለሁ። አንቺ ብቻ ወስኚ።»

ርግብ ጆሮ ላይ ማዳመጫ የለም። ተላላኪ ብትያዝ ምንም እንዳይገኝባት ነው። ለሷ የሚነገራት በልብስ ቁልፍ ነው። ከመስኮቱ አንድ ቁልፍ ከወደቀ፣ ሰውዬውን ይዘሽ ውጪ። ሁለት ከወደቀ፣ ትተሽው ብቻሽን ውጪ። የመጨረሻው ቃል የተመልካቿ ነው፤ የመርፌ።

ሁለቱ ቁልፎች መዳፏ ላይ ናቸው።

ሁለቱንም ብትጥላቸው ርግብ ትሄዳለች። ከአዳራሹም፣ ከከተማውም፣ ከክርም።

እጇ ወደ መስኮቱ ተዘረጋ።

መጀመሪያ እዪ፣ አለቻት ነፍሷ።

የኋላውን ቀለበት ቀስ እያለች ወደ መሐል መለሰችው። ጉሙ ተገፈፈ። የፊቱን ነካ አደረገችው። አዳራሹ ቁልጭ አለ። የተቀዳደዱ ወንበሮች። የጎን በር። ቀማሚው ገብቶ ተቀምጧል፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ርግብ አጠገቡ ናት። ኮቷን አወለቀችና ደረበችለት።

የሰው ልጅ ናት፣ አለች መርፌ ሳትወድ በግዷ። ይህን ጊዜ አንዲት እናት በር በሩን እያየች ይሆናል።

ርግብ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ገፋ አደረገች። በአረንጓዴው ውስጥም ዓይኖቿ ትልልቅ ናቸው።

ትልልቅ።

መርፌ የራሷ መነጽር ትዝ አላት።

እሷም ስትሰፋ መነጽር ታደርጋለች። መስተዋት ፊት ስትቆም መነጽሯ ዓይኗን ያገዝፈዋል። ቅርብ ማየት ላቃተው የሚታዘዝ መነጽር ዓይን ያገዝፋል፤ ሩቅ ማየት ላቃተው የሚታዘዘው ያሳንሳል። የርግብ ያገዝፋል። ርግብ ነክታው ቢሆን ኖሮ ቀለበቱ ወደ ቀኝ ነበር የሚሄደው። ስትጠላቸው የከረመችው ዓይኖች ናቸው ልጅቷን ነፃ ያወጧት።

ታዲያ ሩቅ የማያየው ማን ነው?

ክር ዕድሜው ከሷ ይበልጣል። ጸጉሩ ሸብቷል። በየማለዳው ግን በመርፌ ቀዳዳ ክር የሚያሾልከው ያለ መነጽር ነው። የሷንም ጭምር። «ስጪኝ፣ ዓይንሽን አታድክሚ» ይላታል። ፍቅር መስሏት ነበር። በዚያ ዕድሜ ያለ መነጽር መርፌ ላይ ክር የሚያስገባ ሰው ሩቅ የማያይ ነው። መንገድ ላይ ሲያልፋት ሰላም የማይላትም ሐሳብ ይዞት መስሏት ነበር።

አያያትም ነበር።

«አልነካሁም» ብሏል። ለምን ዋሸ? ከዚህ መስኮት ምን ሊያይ ፈልጎ ነው?

አንድ ዓይናን ከወንበሮቹ አንስታ ወደ መድረኩ አዞረችው። ፊልም ይታይበት የነበረው ሸራ ተቀዶ ተንጠልጥሏል። ለባዶ ዓይን ከሸራው ጀርባ ምንም የለም።

በአንድ ዓይና ግን ብርሃን አለ።

አንድ ዓይና የራሱ ትንሽ መብራት አለው። ለሰው ዓይን አይታይም። ሌላ አንድ ዓይና ለያዘ ግን ቦግ ብሎ ይታያል፤ ለዚህ ነው ጠንቃቃ ተመልካች የማያበራው። ከሸራው ጀርባ ያለው ሰው አብርቷል። ከመብራቱ ሥር የጠመንጃ አፈሙዝ ወጥቷል።

«መርፌ?» አለ ክር። «ምን ወሰንሽ?»

ሸጦናል።

ተኳሹ የሚጠብቀው የክርን ምልክት ነው፤ እምቢ ብትለው ይሰጠዋል። ብትጮህ ቀማሚው ከወንበሩ ሳይነሳ ይመታል። ደግሞ «ርግብን አስወጫት» ያለው... ለካ እንድትተርፍለት ነው። ቀማሚውን አሳልፎ ሰጥቶ ልጅቷን ሊያድን። እኔንስ? ስለኔ ምን አለ?

ሞት ከታች ቆሟል፤ እሷ ማን እንደተወደደ ትመዝናለች። አፈረች። መመዘኗን ግን አልተወችም።

«ልክ ነህ» አለች። ድምፅዋን የቀናች ሴት ድምፅ አደረገችው። ማስመሰል አላስፈለጋትም። «ያችን አፍጣጭ ማየት አልፈልግም። ሁለቱንም ቁልፍ ጣልኩ።»

«ወጣች?»

«ወጣች። ግባና ውሰደው።»

«ጎበዝ። አንቺ ብቻ ከቦታሽ እንዳትነቃነቂ። ምንም ብትሰሚ። እሺ?»

«እሺ።»

«ቆይ» ልትለው ትችል ነበር። «ግባ» አለችው።

አንድ ቁልፍ ጣለች።

ጠብ።

ርግብ ብድግ አለች። ቀማሚውን በብብቱ ይዛ፣ ጎንበስ እንዳለች፣ በወንበሮቹ መሐል ወደ ኋላው በር ወሰደችው። በዚያው ቅጽበት ዋናው በር ተከፈተ። ከክር ጋር የፀሐይ ብርሃን ገባ። አንድ ዓይና ነጭ ሆነ፤ መርፌ ዓይኗን ጨፈነች። ከሸራው ጀርባ ያለውም ለጊዜው ታውሯል።

በሩ ተዘጋ። አረንጓዴው ተመለሰ።

ክር የእግር ኮቴ ሰማ። «ማነው? ቁም!» ብሎ ወደ ኋላው በር ሮጠ። የማይታየው መብራት ተከትሎት ዞረና ጀርባው ላይ አረፈ። በአረንጓዴው ውስጥ ከሩቅ ሰው ሁሉ አንድ ነው። የሚሮጥ ወንድ ብቻ ይታያል።

አንድ ተኩስ።

የኋላው በር ተከፍቶ ሁለት ሰዎች ወጡ። የመኪና ሞተር ተነሳ።

ክር በወንበሮቹ መሐል ወድቋል።

ተኳሹ ከሸራው ጀርባ ወጣ። መብራቱን እያዞረ አዳራሹን አሰሰ። ወንበሮቹን። የጎን በሩን። ከወንበር ሥር። መርፌ ትንፋሿን ይዛ ወደ መስኮቷ ቀና እስኪል ጠበቀች።

ቀና አላለም።

የሞተውን ገልብጦ አየ፤ ተሳደበ፤ እየሮጠ ወጣ። አንዴም ቀና አላለም። በሮቹ የት እንዳሉ ተነግሮታል። ቀማሚው የት እንደሚቀመጥ ተነግሮታል። ስለ ፎቁ መስኮት ግን ማንም አልነገረውም። ክር አንድ ዓይናን አንስቶ ያየውም ለዚህ ነበር፤ እሷ ተኳሹን የማታይበትን፣ ተኳሹም እሷን የማያይበትን ቦታ ሊመርጥ።

ሁሉን ሸጦ እሷን አስቀርቶ ነበር።

መርፌ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ሲመሽ አለቃቸው ደወለ። አጎት ይሉታል።

«ከመኪናው ጋር ለምን አልሄድሽም? ቦታ ነበረሽ።»

«እኔም ከጠፋሁ የመኪናውን ዱካ ይከተላሉ። ባሏን ሌባ የገደለባትን ሴት ማንም አይከተልም።»

«ከድቶናል እኮ! ለሱ ልታለቅሺ ነው?»

«ሚስቱ ነኝ። ሰው ምን ይላል?»

አጎት ተነፈሰ። «ላሰናብተው እንደሆነ ነግሬው ነበር። ሩቅ ማየት እንዳቃተው ደርሼበታለሁ።»

«ለኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«እሷ ብቻ እንዳትሰማ ብሎ ለመነኝ።»

መርፌ የጣቷን ቀለበት አዞረች።

«እንግዲህ ከቀረሽ» አለ አጎት፣ «መርፌ የምትባል ሰው የለችም። አናውቅሽም።»

«አውቃለሁ» አለችና ስልኩን ዘጋች።

ለፖሊሱ፣ ባሌ ከታች ኮሽታ ሰምቶ ወረደ አለችው። ጽፎ ሄደ። የፋብሪካው ሰዎችም የሌባው ወሬ ተስማማቸው መሰል፣ ድምፃቸውን አጠፉ። አንድ ዓይናን በድንጋይ ፈጭታ ወንዝ ውስጥ በተነችው።

ጎረቤቷ ዳቦ ጋጋሪዋ መጥታ አቀፈቻት። «አይዞሽ እህቴ! ምን የመሰለ ባል ነበር! ሌላ ሴት ቀና ብሎ ሲያይ አይተነው አናውቅም።»

«እሱ መች ሩቅ ያያል» አለችና ልቅሶዋ ፈነዳ። ጋጋሪዋ ስድብ ይሁን ሙገሳ አልገባትም። አብራት አለቀሰች።

ቀማሚው መመስከሩን ሱሪ እያሳጠረች በሬዲዮ ሰማች። ሽሮፑ ከየመደብሩ ተሰበሰበ። ደንበኛው «ዛሬ ይደርሳል?» ሲላት «ይደርሳል» አለችው። ማንነቷን የጠየቃት የለም። ልብስ ሰፊዋ ይሏታል፤ ያቺ ባሏ የሞተባት።

ርግብና ቀማሚው ሄዱ። ክር ቀረ። ልብስ ሰፊዋም ቀረች።