የሃይደር ፍላሽ

ዜማው መሐል ላይ ተቆረጠ። ክራሩም፣ ከበሮውም፣ የዘፋኟ የአፀደ ድምፅም በአንድ ጊዜ ጸጥ አሉ። የላፕቶፑ ስክሪን ነጣ፤ ወዲያውም አንዲት አጭር የእንግሊዝኛ መልእክት ብቅ አለች። ፀደንያ አነበበቻት፤ «በቂ ሜሞሪ የለም» ትላለች። ከኋላዋ የቆሙት የሙዚቃ ክበቡ አባላት አንገታቸውን ከማስገጋቸው በፊት ማውሱን ተጭና አጠፋቻት።

«ምን ሆነ?» አለ አብነት። «ሴቭ አድርገሽዋል አይደል?»

አላደረገችውም። ከምሳ በኋላ የቀረጹት ሁሉ ጠፍቷል። ላፕቶፑን የሰጣት ታላቅ ወንድሟ አቢ ነበር፤ እርሷም አሥራ ስድስት ጊጋ ሜሞሪ እንዳለውና ምንም ቢጭኑበት እንደማይጨናነቅ ለክበቡ ሁሉ ደጋግማ ተናግራለች። ታዲያ አሁን ዞር ብላ «ሜሞሪ አለቀ» ልትል ነው? ዓይኗ ላፕቶፑ ጎን ላይ ወደተሰካው ሰማያዊ ፍላሽ ሄደ። ፍላሹ የሃይደር ነው። ቤቱ የሠራውን የከበሮ ምት በእርሱ አምጥቶ ማስገባቱ ገና ቅርብ ነበር።

«ፍላሹ ነው» አለች። «ቫይረስ አስገባብን።»

«የኔ ፍላሽ?» ሃይደር ደነገጠ። «ኧረ ምንም የለበትም!»

«ወንድሜ፣ ፍላሽህ ጉንፋን ይዞታል!» አለ አብነት አፍንጫውን በሸሚዙ እየሸፈነ። «ራቅ በል እንዳታስተላልፍብን!»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። የክበቡ ኃላፊ መምህር ኃይለኪሮስ ሳቁን በእጃቸው አስታገሡና፣ «ሃይደር፣ ለጊዜው ፍላሽህን እዚህ ባታመጣው ይሻላል» አሉ፤ ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። ሃይደር ፍላሹን ነቀለ፤ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፤ ኪሱ ከትቶ ወጣ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ስሙ «ቫይረስ» ሆነ። እስክሪብቶ ሲያውስ በሁለት ጣት ጫፍ ይቀበሉታል፤ የቤት ሥራ በፍላሽ ሲያቀርብ ኮምፒዩተሩን ለማስነካት የሚፈቅድ አይገኝም። ወደ ክበቡ መምጣት አቆመ። ለወላጆች ቀን ከሚቀርበው ሙዚቃ ውስጥም የእርሱ ከበሮ ወጣ። ሌሎቹ ሲስቁ ፀደንያም ትስቅ ነበር፤ ከሁሉም ቀድማ የምታቆመው ግን እርሷ ነበረች።

ቅዳሜ ገርጂ ቤታቸው ብቻዋን ተቀምጣ ላፕቶፑን ፈተሸችው። ቫይረስ አልተገኘበትም። ሙዚቃውን እንደ አዲስ ከፍታ ክራሩን፣ ማሲንቆውንና የአፀደን ድምፅ እየደራረበች ጨመረች። ፕሮግራሙ እንደገና ነጣ። ያቺው መልእክት ወጣች። ምንም ፍላሽ አልተሰካም ነበር።

በዚህ ጊዜ አላጠፋቻትም። ፕሮግራሞች የሚወስዱትን ሜሞሪ የሚያሳየውን ገጽ ከፍታ፣ ሙከራውን ከመጀመሪያው ደገመችው። የሙዚቃው ፕሮግራም ወደ ሁለት ጊጋ ሲጠጋ ቀጥ አለ፤ የቀረው የላፕቶፑ ሜሞሪ ግን ማንም ሳይነካው ተቀምጧል። ፕሮግራሙ አቢ ተማሪ ሳለ ይጠቀምበት የነበረ፣ ኮምፒዩተሮች ትንሽ ሜሞሪ በነበራቸው ዘመን የተሠራ ነው። አዲሱ ላፕቶፕ የቱንም ያህል ቢሰጠው ከዚያ በላይ መቀበል አይችልም።

ይህን ሃይደር አስቀድሞ ነግሯት ነበር። ከበሮዎቹን አንድ በአንድ ሠርቶ ሲጨርስ ወደ አንድ ፋይል እያጠቃለለ፣ «ፕሮግራሙ የድሮ ነው እኮ» ብሏት ነበር። «ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ስለሞላ ጆጉ አይሰፋም። እየጨረስሽ አጠቃልዪው፣ ይቀለዋል።» እርሷም በሁሉም ፊት፣ «አንተ የአባትህን ሱቅ ኮምፒዩተር ለምደህ ነው፤ አሥራ ስድስት ጊጋ ይዤ እንዲህ ልሠቃይ?» ብላ አሥቃበታለች።

ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም። ሆኖም ፊቷ ጋለ።

የነገራትን አደረገች። ክራሩንና ማሲንቆውን ወደ አንድ ፋይል፣ ድምፆቹን ወደ ሌላ አጠቃለለች፤ ያልተጠቃለለውንም ሥራ ሳታጠፋ በጎን አስቀመጠችው። ሙዚቃው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያለ እንከን ተጫወተ። ነገሩ በዚሁ ይዘጋል ብላ አሰበች።

ሰኞ ከሰዓት ክበቡ ውስጥ ስታሰማው ተጨበጨበ።

«ተመስገን፣ ላፕቶፑ ተፈወሰ ማለት ነው» አሉ መምህር ኃይለኪሮስ።

«እኔ አላልኩም ቲቸር?» አለ አብነት። «ቫይረሱ ከክበቡ ሲወጣ ይኸው ነፍስ ዘራ!»

ሁሉም ሳቁ። ፀደንያ ግን ከንፈሯ አልታዘዝ አላት። ደብቃ ያስተካከለችው ሥራ አሁን ማስረጃ ሆኖ ሃይደር ላይ ተተክሏል፤ ክሱን ያጸናችውም በራሷ እጅ ነው፤ ያውም እርሱ ባስተማራት ዘዴ። በመስኮቱ አሻግራ አየችው። በሩ አጠገብ ካለው ደረጃ ላይ ተቀምጦ፣ ወደ ኢምፔሪያል ሰፈር አብራው የምትሄደውን ታናሽ እኅቱን ሳናን ይጠብቃል።

«መጣሁ» ብላ ወጣች።

ሃይደር ቀና ሳይል፣ «ራቂ፣ ይተላለፍብሻል» አላት።

«ፍላሽህ አልነበረም» አለች። «ሜሞሪው ነው። ያኔ ስክሪኑ ላይ ጽፎት ነበር። አንብቤ አጠፋሁት።»

«አንብበሽ?»

«አዎ።»

ሃይደር ሰማያዊውን ፍላሽ ከኪሱ አውጥቶ በጣቱ አገላበጠው። «እኔ እኮ አመንኩሽ» አለ ቀስ ብሎ። «እውነት ቫይረስ ያለበት መስሎኝ፣ የዛን ቀን ቤት ስገባ ፎርማት አድርጌ ያለበትን ሁሉ አጠፋሁት። የሱቁ ኮምፒዩተር ላይ አባቴ እንዳስቀምጥ አይፈቅድልኝም። የከበሮ ቢቶቼ በሙሉ እዚህ ነበሩ።»

ፀደንያ «ይቅርታ» ልትል አፏን ከፈተች። ቃሉ ከሰማችው ነገር አጠገብ እጅግ ትንሽ ሆነባት።

«ና፣ አብረን እንግባ» አለችው።

«እዚያ? ሼም የለሽም እንዴ?» አለና ፊቱን አዞረ። «አልገባም።»

ብቻዋን ተመለሰች። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ በጎን ያስቀመጠችውን፣ ያልተጠቃለለውን ሥራ ከፈተች።

«ደግሞ ምን ልታሰሚን ነው?» አለች አፀደ።

«ጠብቁ» አለች ፀደንያ። የተቀረጹትን ድምፆች አንድ በአንድ ጨመረች። ክራሩ ጀመረ፤ ማሲንቆው ተከተለ፤ የአፀደ ድምፅ ከፍ አለ። ከዚያ ሁሉም ተቆረጠ። ስክሪኑ ነጣ።

«አቦ! አሁን ደግሞ የማን ፍላሽ ነው?» ብሎ አብነት ጮኸ።

«የማንም» አለች። ላፕቶፑን በሁለቱም ጎን አዙራ አሳየቻቸው። «ተመልከቱ፣ የተሰካ ነገር የለም።»

መምህር ኃይለኪሮስ መነጽራቸውን አስተካክለው ቀረቡ። መልእክቷ ስክሪኑ መሐል ላይ ብቅ አለች።

«ያን ቀንም ይህችው ነበረች የወጣችው» አለች ፀደንያ። «ከእናንተ በፊት አንብቤ አጠፋኋት።»

እጇን ከማውሱ ላይ አነሣች፤ ወንበሯንም ወደ ጎን ሳብ አድርጋ ለሚያነቡት ቦታ ለቀቀች።