ከሸራው ሥር የመጣው ቀይ

"ዓይኗ ደክሟል" ይላሉ። የእኔ ዓይን!

ዕድሜዬን ሙሉ በጊኮምባ ገበያ ቦሎቄ ስለቅም የኖርኩ ሴት ነኝ። አዲሱን ከከረመው፣ ነቀዝ የገባበትን ካልገባበት ከሩቅ እለያለሁ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ቀለም ለማየት ደግሞ ፊደል ምን ያደርጋል?

እኔ እየተናገርኩ የጎረቤቴ ልጅ ናት የምትጽፈው። "አሮጊቷ ተረት ጀመረች" የምትሉ ካላችሁ እዚሁ እንሰነባበት። ይህ በዚህ ዓይኔ ያየሁት ነው።

ናይሮቢ፣ ካሪዮባንጊ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ አናት በሚበሳ ፀሐይ...

ከዚያ በፊት ግን ጋራዡን ልንገራችሁ።

እኔና ልጄ ንደሪቱ አሮጌ ማታቱ፣ ሰው የሚያመላልስ ሚኒባስ፣ ገዝተን ነበር። እሱ ሊነዳው። በከተማችን ያላማረ ማታቱ ባዶውን ነው የሚውለው። ወጣቱ ቀለሙንና ሥዕሉን አይቶ፣ ሙዚቃውን ሰምቶ ነው የሚሳፈረው።

የጋራዡ ቀለም ቀማሚ ኦጎላ ይባላል። የኪሱሙ ሰው፣ ሳቂታ። ናሙናዎቹን ዘረጋልን።

"ይሄ ቀይ እንዴት ነው፣ ማማ ንደሪቱ?"

"የቲማቲም ድልህ።"

"ይሄስ?"

"የሥጋ ሻጭ ሽርጥ።"

"ቀለም ነው ወይስ ምራት የምትመርጪው?"

"ምራትማ እኔ ብመርጥ ኖሮ እስካሁን የልጅ ልጅ አቅፍ ነበር።"

ንደሪቱ አፍሮ ወደ ጓሮ ሄደ። ጓሮው የተጋጩ መኪኖች የሚጣሉበት ነው።

ሲመለስ የነዳጅ መክደኛ ነቅሎ ይዟል።

"የምፈልገው ይሄን ነው" አለ።

ቀይ ነው... ግን ጥልቅ። ስታዩት እሱም የሚያያችሁ ዓይነት።

የኦጎላ ሳቅ ጠፋ።

"ከየትኛው ነው የነቀልከው?"

"ሸራ ከለበሰው።"

"መልሰው።"

"ናሙና ነው እንጂ መኪናውን አልሰረቅኩ!"

"መልስ ተብለሃል" አልኩት እኔም።

"እማዬ፣ አንቺ ስለ ቦሎቄሽ አውሪ።"

ሰው ፊት! ያጠባሁት ልጅ!

ኦጎላ ትንሽ አመነታ። ከዚያ ጣሳዎቹን ከፍቶ መቀመም ጀመረ።

ቀለም የሚመሳሰለው እንዲህ ነው። ቀማሚው ከደባለቀው ላይ በጣቱ ነክቶ ናሙናው ላይ ይቀባል። ከገጠመ ጠብታው ይጠፋል፤ ካልገጠመ እንደ ቁስል ያስታውቃል። ጥቂት ጥቁር፣ ጥቂት ቢጫ እያሉ ቀኑን ሙሉ ይደክሙበታል።

ኦጎላ ገና ከመጀመሩ አንድ ጠብታ ቀባ።

ጠፋ።

"ቢጫውን ገና አልጨመርኩም እኮ..." አለ በሹክሹክታ።

እጁን ጠርጎ ከሌላ ጣሳ ነካ። እዚያው ላይ ቀባው።

ይሄኛው ሰማያዊ ነበር።

እሱም ጠፋ...

ንደሪቱ ስልክ እያወራ ነበር፣ አላየም። "ገጠመ አይደል?" ብሎ ጮኸ።

የኦጎላን እጅጌ ያዝኩ።

"የማን መኪና ነው?"

"ወንዝ ገብቶ የወጣ ነው" አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "በሩ አልከፈት አላቸው። ሾፌሩ በመስኮት ዘሎ ወጣ..."

"ተሳፋሪዎቹስ?"

"እነሱ ቀሩ።"

ልጄን ለመንኩት። ተቆጣሁት። "ያማረ ቀለም ስታይ ነው እንዴ የምትፈሪው?" ብሎ ሳቀብኝ። ማታቱው በዚያ ቀይ ተቀባ።

ደርቆ ሲወጣ እውነትም ያምር ነበር። አላፊው ሁሉ ፎቶ ያነሳዋል።

እኔ ግን ቀረብ ብዬ አየሁት።

ከቀለሙ ሥር መዳፎች አሉ።

ከላይ የተነካካ አይደለም። ከውስጥ ወደ ውጭ የሚገፉ መዳፎች... ጎን ለጎን፣ ትልቁም ትንሹም።

"ነጸብራቅ ነው፣ እማዬ። ዓይንሽን ታከሚ።"

ላሜራውን ዳሰስኩ። እንቁላል የሚጠብስ ፀሐይ ላይ ውሏል።

እንደ ጉድጓድ ውሃ ይቀዘቅዛል።

እንግዲህ ያን ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመጀመሪያ ጉዞው ነበር። እኔም ፌርማታው ድረስ ሄድኩ። ንደሪቱ ማዶ ቆሞ ሻይ ይጠጣል። ወያላው ኪሞ ይጣራል፤ አፉ አያርፍም።

ድንገት የመኪናውን ጎን በመዳፉ ደበደበ።

"ሞልቷል! አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!"

በበሩ አጮልቄ አየሁ።

ወንበሮቹ ባዶ ናቸው።

"ኪሞ፣ የታል ሰዉ?"

"ማዘር ደግሞ! ተጠቅጥቀው ተቀምጠው እያየሽ?"

"መቼ ገቡ?"

"እኔ እንጃ... ስዞር ሞልተው ነበር። ጨዋ ናቸው። አንዱም ሙዚቃ ቀንስ አላለኝ።"

መቀለዱ መሰለኝ። ፊቱን አየሁት፤ አይቀልድም።

ጎማዎቹን አየሁ። መኪናው ሙሉ ጭነት እንዳለበት ዝቅ ብሏል። መስኮቶቹ ከውስጥ ጉም ለብሰዋል... የብዙ ሰው ትንፋሽ እንዳረፈባቸው።

"አንድ ሰው ያልከው ቦታ የትኛው ነው?"

ኪሞ እጁን ዘረጋ... ወደ መሪው።

የሾፌሩ ወንበር።

ከዚያ የራሱን ጣት አየና እጁን ቶሎ ሰበሰበ። ከመኪናውም ራቀ።

ንደሪቱ ሻዩን ጨርሶ እያፏጨ መጣ። ቁልፉን በጣቱ ያሽከረክራል። ሮጥኩ፤ በዚህ ጉልበቴ ሮጥኩ! የሾፌሩን በር በጀርባዬ ዘግቼ ቆምኩ።

"ዘወር በይ፣ እማዬ። ሰው እየጠበቀኝ ነው።"

"የምን ሰው? እስቲ አንዱን በስሙ ጥራልኝ።"

"ኧረ አታዋርጂኝ!"

"ልዋረድ እኔ። ስትቀበር ከማይ ስትጠላኝ ልይ።"

እጄን ይዞ ሊያነሳኝ ጎተተኝ። እኔም ልብሱን ጨምድጄ ያዝኩ።

ያኔ ጡሩምባው ጮኸ።

አጭር... ችኩል። መኪና ውስጥ ተቀምጦ የሰለቸ ተሳፋሪ ሾፌሩን እንደሚጠራው።

ሁለታችንም ቁልፉን አየን። በልጄ እጅ ነው።

ከጀርባዬ፣ ከበሩ ሥር፣ ጭቃ የቀላቀለ ውሃ በቀስታ መውረድ ጀመረ። በደረቁ አስፋልት ላይ መንገድ እያበጀ ወደ ልጄ ጫማ ሄደ...

ንደሪቱ እግሩን አላነሳም። ዓይኑ ከጀርባዬ ያለው መስኮት ላይ ተተክሏል። ምን እንዳየ እስከ ዛሬ አልነገረኝም። እኔ አልዞርኩም።

"እማዬ..." አለ፣ እንደ ሕፃን። "በስሜ እየጠሩኝ ነው።"

"አቤት እንዳትል" አልኩት። "ቁልፉን ስጠኝ። አሁን!"

ቁልፉ መዳፌ ላይ ሲወድቅ እንደ ላሜራው ይቀዘቅዝ ነበር።