ምንም የማይሸት ቤት

በሐይቁ ላይ የተንሳፈፈው ሰፈር ፀሐይዋን ለመከተል ቀስ ብሎ ሲዞር፣ አስካለ የመሣሪያ ሣጥኗን አንጠልጥላ የጋሽ ይርዳውን በር አንኳኳች። ትናንት ማታ ከተማውን ይመለከት የነበረው በር አሁን ተራራውን ያያል፤ ይኼ ማንንም አይገርምም። አስካለን የገረማት የሥራ ትእዛዙ ነው። «የመታጠቢያ ቤት ሽታ» ይልና ከሥሩ «ሽታ የለም» ይላል። ሽታ ከሌለ ታዲያ ቧንቧ ሠራተኛ ለምን ይጠራል?

ጋሽ ይርዳው ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ባለቤታቸው ካረፉ አምስት ወር ሆኗል። ገና በሩን ሲከፍቱ ሽታው አስካለን አፍንጫዋ ላይ መታት። የፍሳሽ ሽታ፣ ያውም የከረመ።

«ይሸታል አይደል ልጄ?» አሉ ፊት ፊቷን እያዩ።

«ኧረ በፍጹም! ምንም አይሸትም» አለች፤ አፏ ቀደማት። ሰው ቤት ተገብቶ ቤትህ ይሸታል ይባላል እንዴ? ነውር ነው።

ሽማግሌው ግድግዳውን ተደገፉ። «እንግዲያው እውነታቸውን ነው። ጃጅቻለሁ ማለት ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በየቤቱ ጣሪያ ላይ አነፍናፊ አለች፤ አዝራር የምታህል፣ አየሩን እያሸተተች ያገኘችውን የምትናገር መሣሪያ። የጋሽ ይርዳው አነፍናፊ ሽታ የለም ትላለች። ሊመሰክሩ የመጡት ሦስት ጎረቤቶችም ምንም የለም ብለዋል። የሌለ ነገር የሚሸተው ሽማግሌ ብቻውን መኖር አይችልም ሲል የሰፈሩ የጤና ኮሚቴ ወስኗል፤ ነገ ጠዋት ወደ አረጋውያን ማዕከል ሊወስዷቸው ነው። አርባ ዓመት ከኖሩበት ቤት!

አስካለ መታጠቢያ ቤት ገባች። ጥግ ላይ ያለው ሻወር የባለቤታቸው ነበር፤ ካረፉ ወዲህ ማንም አልከፈተውም። ነጠላ ጫማቸው እንኳ እዚያው ነው። በባትሪ የፍሳሹን ቀዳዳ አየች። ከሥሩ እንደ ክርን የታጠፈው ቧንቧ ሁልጊዜ ውሃ ይቋጥራል፤ ሽታውን አፍኖ የሚያስቀረው ያ ውሃ ነው። አሁን ግን ጠብታ የለበትም። አንድ ባልዲ ውሃ ደፋችበት፤ ቶሎ እንዳይተን ብላ ከላይ ጥቂት የምግብ ዘይት ጨመረች። በቃ፣ አለቀ። ሥራው ሦስት ደቂቃ አልፈጀም።

ግን አነፍናፊዋ ምን ነካት? አስካለ ይኼ ነገር አላስቆም አላስቀምጥ አላት። ወንበር ላይ ወጥታ ክዳኗን ከፍታ አየቻት፤ ደህና ናት፣ አንድ ክር አልተበጠሰባትም።

«እስቲ መዝገብሽን አንብቢልኝ» አለቻት።

አነፍናፊዋ ለስለስ ባለ ድምፅ ጀመረች። «የፍሳሽ ጋዝ፣ በየቀኑ፣ ለአራት ወር። እንግዳ ሲጠየቅ፦ ምንም አይሸትም። ጎረቤት ሲጠየቅ፦ ምንም አይሸትም። ከሰዎች ተምሬ ራሴን አርሜያለሁ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ፦ ኧረ በፍጹም! ምንም አይሸትም።»

የመጨረሻው የራሷ የአስካለ ድምፅ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ዋሽቼዎታለሁ። ቤትዎ ይሸት ነበር። ኧረ ይገማ ነበር!»

«ይገማ ነበር?» የሽማግሌው ዓይን እንባ አቀረረ። «ተባረኪ! እስቲ ድገሚልኝ!»

ደገመችላቸው። መዝገቡንም ለኮሚቴው ላከች፤ ፀሐይዋ አናት ላይ ሳትደርስ ውሳኔው ተሽሯል የሚል መልስ መጣ። ጋሽ ይርዳው እንደ ልጅ ሳቁ።

«እርማት ተቀብያለሁ» አለች አነፍናፊዋ ከጣሪያው። «ሰው የሚሸተውና የሚናገረው ይለያያል። ጋሽ ይርዳው፣ በየጠዋቱ እንዴት አደሩ ስልዎት ‹እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ› ይሉኛል። እሱንስ ላርመው?»

ሳቃቸው ቆመ። በተከፈተው የመታጠቢያ ቤት በር ነጠላ ጫማውን አዩ። «እሱማ…» አሉና ሳይጨርሱት ቀሩ።

አስካለ ሣጥኗን አንሥታ በሩ ጋ ደርሳ ነበር። ተመልሳ መጥታ አስቀመጠችውና አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ለኔ ይንገሩኝ፣ ጋሼ» አለች። «እንዴት አደሩ?»