በዶሮ ቁመት

ጠግባ የምታድር፣ ንጹሕ ውኃ የምትጠጣ፣ ከፀሐይ ተከልላ የምትውል ዶሮ ዓይኗ ለምን ይጠፋል? አኑዋር ሦስት ቀን ሙሉ ሲያወጣና ሲያወርድ ሰነበተ፤ መልስ ግን አላገኘም።

አኑዋር የእንስሳት እርባታ ለመማር ማሌዥያ ድረስ ሄዶ፣ ሱዳን ገዳሪፍ፣ አክስቱ ባሕሪያ ቤት ከተመለሰ ገና ወሩ ነው። የተማረባቸው የዶሮ ቤቶች አየሩን የሚለካ መሣሪያ ነበራቸው። እዚህ ያለው አፍንጫው ብቻ ነው፤ እሱንም አላመነውም። ጠዋት መኖው ነው ይላል፣ ከሰዓት በኋላ በሽታ ነው ይላል፣ ማታ ሁለቱንም ይተወዋል።

የባሕሪያ መቶ ሃምሳ እንቁላል ጣዮች ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ጥግ ጥጉን ይዘዋል። እንቁላሉም በግማሽ ቀንሷል።

«የሰው ዓይን ነው የወጋቸው» አለች ጎረቤቷ ቱርካ ከአጥሩ ማዶ።

«ወላሂ ዓርብ ሁሉንም አሳርዳለሁ!» አለች ባሕሪያ። «ሲያዩኝ እየሮጡ የሚመጡት ልጆቼ እኮ ዛሬ አጠገባቸው ቆሜም አያዩኝ።» ከጫጩትነታቸው ጀምራ በእጇ ያሳደገቻቸው ናቸው።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ ባሕሪያ እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ ግቢዋን ውኃ ረጨች፤ አፈሩ ሲቀዘቅዝ አልጋ ወደ ደጅ ይወጣል፣ ሻይ ይቀርባል። ከዚያ ባልዲዋን እንደያዘች ዶሮ ቤት ገብታ ወለሉ ላይ የተነጠፈውን የኦቾሎኒ ገለባ ጉዝጓዝ ታርከፈክፈው ጀመር።

ምሽቱን ከጓደኞቹ ጋር ያሳልፍ የነበረው አኑዋር ይህን ሲያይ የመጀመሪያው ነበርና ብድግ አለ። «አክስቴ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ላቀዘቅዛቸው ነዋ! በዚህ ሙቀት እኛ ብቻ ነን ነፍስ ያለን?»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ። መስኮቱንም አቧራ እንዳይገባ በጆንያ ጋርጄዋለሁ። እንዲህ የሚንከባከብ ካለ ጥራልኝ!»

አኑዋር ከጉዝጓዙ አንድ ጭብጥ አንሥቶ ጨመቀው። እጁን ሲከፍት እንደ ሊጥ ተድቦልቡሎ ቀረ። «ይኸው፤ ደረቅ ቢሆን ይበተን ነበር። ኩስና ውኃ ሲገናኙ አሞኒያ የሚባል ጋዝ ይወጣል፤ ዓይን ያቃጥላል። አንቺ ደግሞ መውጫውን ዘግተሽበታል።»

«በቀን አሥር ጊዜ እገባ የለ? የኔ ዓይን ምን ሆነ?»

«ቆመሽ ነዋ፣ ወዲያውም ትወጫለሽ። እነሱ ውለው የሚያድሩት ጉዝጓዙ ላይ ነው። እስቲ በዶሮ ቁመት ሁኚ።»

«ማሌዥያ የላክንህ አክስትህን ቁጢጥ እንድታደርግ ነው?» እየሳቀች ቁጢጥ አለች። ሳቋ ሳያልቅ ሳል ያዛት፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ሽንኩርት ትልጫለሽ እንዴ?» አለች ቱርካ ከአጥሩ ማዶ።

ባሕሪያ አጠገቧ ዓይኗን ጨፍና የቆመችውን ዶሮ አየች። «የወጋቸው ዓይን አይደለም» አለች። «የኔ ባልዲ ነው።»

ዓርብ በቢላዋ ፈንታ አካፋ ወጣ። ቱርካም መጣች። ርጥቡን ጉዝጓዝ ጠርገው፣ በአራት ጣት ውፍረት ደረቅ ገለባ አነጠፉ፤ ጆንያውን አወረዱ፤ መጠጫው እንዳይደፋ ጡብ ላይ፣ በዶሮዋ ጀርባ ልክ አስቀመጡት። ለሙቀቱ የቆርቆሮውን ጣሪያ የማሽላ አገዳ አለበሱት። ጉዝጓዙ በየማለዳው ይገላበጣል፤ የማታው ውኃ ደግሞ ከዶሮ ቤቱ ደጃፍ አያልፍም።

በሁለት ሳምንት አብዛኞቹ ዓይናቸውን ገለጡ። አሥራ አንዱ አልገለጡም። የቀሩት ግን ባሕሪያን ሲያዩ እንደ ድሯቸው እየተሯሯጡ መጡ። አኑዋርም አፍንጫውን ማመን ጀመረ።

እናንተም ዶሮ ያላችሁ፣ ቆማችሁ «ደኅና ናቸው» አትበሉ። ጐንበስ በሉ፣ አሽትቱ፣ ጉዝጓዙን ጨብጡ። የምንሳሳለትን ነገር በገዛ ራሳችን ምቾት ስንለካው ነው የምንጎዳው።

ባሕሪያን አንድ ነገር ቆረቆራት። መፋዛ ከተማ ያለችው እኅቷ አማል ዶሮ ማርባት የተማረችው ከእሷ ነው፤ ከነባልዲው። የአማል ስልክ አልነሣ ስላለ በአኑዋር መልእክት አጽፋ ላከች፦ «አማል፣ የዶሮዎቹን ጉዝጓዝ ውኃ እርጪው ያልኩሽ እኔ ነኝ፤ ተሳስቻለሁ። ተይው። ቁጢጥ ብለሽ አሽትቺ።»

ያን ቀን መልስ አልመጣም። በማግስቱም፣ በወሩም።

«ቁጢጥ እንዳለች ቀርታ ይሆናል» እያለች ትስቃለች ባሕሪያ፤ ስልኩ ግን ከእጇ አይለይም።